ከ73 ሚሊዮን አንድ

እ.ኤ.አ. በ1999 መገባደጃ፣ በእንግሊዝ ቼስተር ከተማ በዋለ የወንጀል ችሎት አንዲት እናት ሁለት ጨቅላ ልጆቿን ገድላለች ተብላ ቀረበች። ሳሊ ክላርክ ትባላለች። የሕግ ባለሙያ ናት፤ ባለቤቷም እንደዚያው። የመጀመሪያ ልጇ ክሪስቶፈር በ1996 መጨረሻ በአሥራ አንድ ሳምንቱ፣ ሁለተኛው ሃሪ በ1998 መጀመሪያ በስምንት ሳምንቱ ቤት ውስጥ ሳሉ ድንገት ሞቱባት። የክሪስቶፈር ሞት መጀመሪያ ላይ በበሽታ የመጣ ነው ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በሃሪ ሲደገም ግን የኀዘኑ ቤት የምርመራ ቤት ሆነ፤ የተዘጋው የክሪስቶፈር ፋይልም ተከፈተ።

ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ምስክሮች አንዱ ሰር ሮይ ሜዶው ነበሩ፤ በሕፃናት ሕክምና ስማቸው የገነነ ፕሮፌሰር። እሳቸው እንዳስረዱት፣ ሲጋራ በማይጨስበት፣ ቋሚ ገቢ ባለውና እናቲቱ በዕድሜ በበሰለችበት ቤት አንድ ጨቅላ ምክንያቱ ሳይታወቅ ድንገት የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው። ሁለት ልጆች እንዲህ የመሞታቸው ዕድልስ? 8,543 በራሱ ይባዛል፤ ከ73 ሚሊዮን አንድ ይሆናል። በአገሪቱ በመቶ ዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው ማለት ነው። ዳኛው በዚህ ፍርድ ቤት ሰው በስታቲስቲክስ አይፈረድበትም ብለው ጁሪውን ቢያሳስቡም፣ ቁጥሩ አንዴ ከተነገረ ወዲያ ከልብ የሚወጣ አልነበረም። አሥር ለሁለት በሆነ ድምፅ ጥፋተኛ ተባለች፤ ዕድሜ ልክም ተፈረደባት።

ስለ አመክንዮ መሠረታዊ ነገሮች ለመጻፍ ሳስብ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም። በዚያ ችሎት የተቀመጡት ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ሙግቱ ግን አንድ ሙግት ሊበላሽ በሚችልባቸው በሁለቱም መንገዶች ተበላሽቶ ነበር። መነሻው ትክክል አይደለም፤ መነሻው ትክክል ቢሆን እንኳ መደምደሚያው ከእሱ አይወጣም። እነዚህ ሁለት ጥፋቶች ለየብቻ የሚቆሙ ናቸው፤ አንዱን ያቃና ሌላውን አላቃናም። ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የያዘ ሰው ስለ አመክንዮ ማወቅ ከሚገባው ትልቁን ክፍል ይዟል ብዬ አምናለሁ።

ከሥሩ እንነሣ። አንድ ሰው አንድን ነገር እንድንቀበል ፈልጎ ምክንያት ሲሰጠን ሙግት አቀረበ እንላለን። እንድንቀበለው የሚፈልገው ነገር መደምደሚያው ነው፤ ለዚያ የሰጣቸው ምክንያቶች መነሻዎቹ ናቸው። መጽሐፍ ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ በሰው አፍ ላይ ግን መነሻው ሁሉ አይነገርም። ቤት ውስጥ ገንዘብ ጠፋ እንበል። የቤት ሠራተኛዋ ስትጠየቅ ደነገጠች። «አየሃት እንዴት እንደ ደነገጠች? እሷው ናት» ይባላል። የተነገረው መነሻ አንድ ነው፤ ደንግጣለች። መደምደሚያው ሰርቃለች። በመካከሉ ማንም ያልተናገረው ሌላ መነሻ አለ፤ ያልሰረቀ ሰው አይደነግጥም የሚል። ይህን ድብቅ መነሻ አውጥተን ጮክ ብለን ብንናገረው እዚያው ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይጠራጠረዋል፤ በሌብነት የተጠረጠረ ንጹሕ ሰውም እንደሚደነግጥ የማያውቅ የለምና። ሳይነገር ሲቀር ግን ሥራውን ውስጥ ለውስጥ ይሠራል፤ አንዲት ልጅም ደሞዟን ሳትቀበል ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች።

ብዙውን ጊዜ ሙግትን የሚጥለው የተነገረው ሳይሆን ያልተነገረው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የጎደለውን መሙላት ነው፤ ያውም ተናጋሪው ራሱ «አዎ፣ ለማለት የፈለግሁት ይህንኑ ነው» ብሎ በሚቀበለው መልክ። የተቃዋሚን ሐሳብ አሳንሶና አጣሞ አቅርቦ ማሸነፍ ጭብጨባ ያስገኝ ይሆናል እንጂ እውነተኛው ሙግት ሳይነካ እንደቆመ ነው።

ይህ ከተደረገ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። መነሻዎቹ እውነት ናቸው ብንል መደምደሚያው ይከተላል ወይ? መነሻዎቹስ በእርግጥ እውነት ናቸው ወይ? ሁለቱን የምናምታታቸው አብዛኛውን ጊዜ መደምደሚያውን አስቀድመን ስለወደድነው ወይም ስለጠላነው ነው። ወደምንወደው መደምደሚያ የሚያደርስ መንገድ ሁሉ ቀና ሆኖ ይታየናል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ በትኩሳት እንየው። «ወባ የያዘው ሰው ያተኩሰዋል። ይህ ልጅ አተኩሶታል። ስለዚህ ወባ ይዞታል።» ሁለቱም መነሻዎች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ መደምደሚያው ግን አይከተልም። ሳንባ ምችም ያተኩሳል፤ የጆሮ ሕመምም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም። እንዲህ ያለውን ሙግት መፈተን ለፈለገ ሰው ዘዴው ቅርጹን ሳይነኩ ይዘቱን መለወጥ ነው። «አንበሳ አራት እግር አለው። በሬዬ አራት እግር አለው። ስለዚህ በሬዬ አንበሳ ነው።» ቅርጹ ያው ነው፤ እዚህ ላይ ግን የሚታለል ሰው የለም። በሬው ላይ ያልሠራ ቅርጽ ልጁም ላይ አይሠራም።

ይህ የመማሪያ ክፍል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ወባ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ያተኮሰው ሕፃን ሁሉ ሳይመረመር የወባ መድኃኒት ሲሰጠው ለብዙ ዓመታት ኖሯል። መመርመሪያ በሌለበት፣ ያመለጠ ወባ ደግሞ ልጅ በሚገድልበት ዘመን ለዚህ አሠራር በቂ ምክንያት ነበረው። ጣት ወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ በየገጠሩ መድረስ ሲጀምር ግን ሙግቱ ምርኩዙን አጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው መመሪያ፣ ወባ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር መክሯል።

በታይፎይድ በኩል ግን ያው ስሕተት በየከተማችን ክሊኒክ ዛሬም በየቀኑ ይሠራል። አተኩሶት፣ ራሱን አሞት፣ ጉልበቱ ዝሎ የሄደ ሰው ደም ይሰጣል። ጥቂት ቆይቶ ብጣሽ ወረቀት ይሰጠዋል፤ «ዊዳል» ከሚለው አጠገብ «ሪአክቲቭ» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ «ዌል ፌሊክስ» የሚል ይከተላል። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ይባላል፤ ሲፕሮውን ይዞ ይወጣል። ከ1896 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዊዳል ምርመራ የታይፎይድን ባክቴሪያ ራሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ ደግሞ ከዚህ ቀደም ከያዘ ሕመም ሊተርፉ፣ በሌላ ኢንፌክሽንም ሊቀሰቀሱ ይችላሉ። ይበልጥ የሚታመነው የደም ካልቸር ነው፤ እሱ ግን ቀናት ይፈጃል፤ የትም ቦታም አይገኝም።

ለማስረዳት ያህል ብቻ ቁጥር እንስጠው። ካተኮሳቸው 1,000 ሰዎች መካከል በእርግጥ ታይፎይድ ያለባቸው 30 ናቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት አሥር ሰዎች ስምንቱን ያገኛል፤ ካልታመሙት አሥር ሰዎች ደግሞ አንዱን በስሕተት ታመሃል ይላል። ከ30ዎቹ 24ቱ ይገኛሉ። ከቀሩት 970 ሰዎች 97ቱ በስሕተት «ሪአክቲቭ» ይባላሉ። ወረቀቱን ይዘው የወጡት በድምሩ 121 ሲሆኑ ታይፎይድ ያለባቸው 24ቱ፣ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። የታመመውን ከአሥር ስምንት ጊዜ የሚያገኝ ምርመራ፣ ታመሃል ካላቸው ሰዎች በአብዛኞቹ ላይ ተሳስቷል። «የታመመውን ያገኛል» እና «ያገኘው ታሟል» የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ሕዝባችንን ስንት አላስፈላጊ መድኃኒት እንዳስዋጠ ሳስብ ያሳዝነኛል። ጥፋቱ በወረቀቱ አያበቃም፤ በከንቱ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያለማምዳል፤ የዚያ ሰው እውነተኛ ሕመምም ሳይፈለግ ይቀራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚያስፈልገው ደግሞ መደምደሚያው በትክክል እየተከተለም ሰው ስለሚበደል ነው። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ሌባ መፈለጊያ ነበር። አንድ ለጋ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይሰጠዋል፤ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሰዎች ይከተሉታል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሙግቱን በወረቀት ብናሰፍረው እንዲህ ይነበባል፦ ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ ልጁ የወደቀው እገሌ ቤት ነው፤ ስለዚህ እገሌ ሌባ ነው። በቅርጹ ላይ አንዳች እንከን አይገኝበትም። መነሻዎቹን የተቀበለ ሰው መደምደሚያውን መካድ አይችልም። በዚህ የፈረዱ ሰዎች ማሰብ ተስኗቸው አልነበረም፤ አስተሳሰባቸው የተተከለበት መሬት ነው የከዳቸው። ከቅርጽ ትክክለኛነት እውነት አይመነጭም፤ ቅርጹ የሚያደርገው የተሰጠውን እውነት ሳያፈስ ማድረስ ብቻ ነው፤ ሐሰት ከሰጡትም ሐሰቱን ሳያፈስ ያደርሰዋል።

ቼስተር ላይ የዚያን ልጅ ቦታ የያዘው ቁጥር ነበር።

8,543ን በራሱ ማባዛት የሚቻለው የአንደኛው ልጅ ሞት ከሁለተኛው ሞት ጋር አንዳች ግንኙነት ከሌለው ብቻ ነው። ክሪስቶፈርና ሃሪ ግን ወንድማማቾች ናቸው። አንድ እናት፣ አንድ አባት፣ አንድ ቤት፣ ከወላጆቻቸው የወረሱት የጋራ ዘር። አንዱን የጎዳ ስውር የዘር እክል ወይም የቤት ውስጥ ሁኔታ ሌላውንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አንድ ልጅ እንዲህ በሞተበት ቤት ለሁለተኛው ያለው ሥጋት ከጎረቤት ቤት ልጅ ሥጋት ጋር እኩል ነው ብሎ መነሣት አይቻልም። ሌላም አለ። ስሌቱ ሥጋቱን ዝቅ የሚያደርጉትን ነገሮች፣ ሲጋራ አለመኖሩንና ገቢውን፣ ቆጠረ፤ ከፍ የሚያደርገውን፣ ሁለቱም ወንዶች መሆናቸውን፣ ዘለለ። ወንድ ጨቅላዎች ለዚህ ዓይነቱ ሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 ወጥቶ ቁጥሩ ስታቲስቲክሳዊ መሠረት የለውም ብሎ በይፋ ተናገረ። አንድ የሙያ ማኅበር በአንዲት እስረኛ ጉዳይ እንዲህ አደባባይ መውጣቱ የተለመደ አይደለም፤ የነገሩን ክብደት ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ለነገሩ ስንል ቁጥሩ ትክክል ነው ብለን እንቀበል። ሁለት ልጆች በተፈጥሮ የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው። ከዚህ ሳሊ ክላርክ ገድላለች የሚለው ይወጣል? አይወጣም። በእንቁጣጣሽ ሎተሪ አንደኛው ዕጣ የደረሰውን ሰው «ይህ የመሆኑ ዕድል እጅግ ትንሽ ስለሆነ አጭበርብረሃል» ብለን ፖሊስ ጣቢያ አንወስደውም። አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር አልፎ አልፎ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ መጠየቅ የነበረበት ሁለት ልጆች የመሞታቸው ዕድል ስንት ነው ብሎ አልነበረም፤ ልጆቹ ሞተዋል፤ ያ አልቋል። ጥያቄው ከሞቱ ወዲያ ካሉት ማብራሪያዎች የትኛው ይበልጥ ያስኬዳል የሚል ነው። ምንም የጭካኔ ታሪክ የሌላት እናት ሁለት ጨቅላዎቿን በተለያየ ጊዜ መግደሏም እጅግ፣ እጅግ ብርቅ ነው። ብርቁን ከብርቁ ጋር ማወዳደር ሲገባ አንደኛው ብርቅ ብቻ ሚዛን ላይ ወጣ። ሬይ ሂል የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ሁለቱን አወዳድረው፣ ሁለት ልጆች ባልታወቀ ምክንያት ድንገት መሞታቸው ከድርብ ግድያ በበርካታ እጥፍ የሚበልጥ ዕድል እንዳለው አሳይተዋል። ነገሩ ከትኩሳቱ ጋር አንድ ነው። «ንጹሕ ብትሆን ይህ የመሆኑ ዕድል» የሚለው «ይህ ስለሆነ ንጹሕ የመሆኗ ዕድል» ተብሎ ተሰማ። ይህ ስሕተት የዐቃቤ ሕግ ሕፀፅ የሚል ስም ወጥቶለታል።

የመጀመሪያው ይግባኝ በ2000 ውድቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታል መዝገብ ውስጥ አንድ የላብራቶሪ ውጤት ተገኘ፤ ከሃሪ አስከሬን በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለ ባክቴሪያ መታየቱን የሚያሳይ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ይህን ለተከላካይ ጠበቆች አላሳወቀም ነበር። በጥር 2003 ፍርዱ ተሻረ። ከሦስት ዓመት በላይ ታስራ የወጣችው ሴት ከደረሰባት ነገር ሳታገግም በ2007 በ42 ዓመቷ ሞተች።

ይህ የላብራቶሪ ወረቀት ስለ ሌላ ዓይነት ሙግት ያስተምረናል። የሌባሻዩ ሙግት መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው የግድ የሚሆንበት ነው። በሕይወት ውስጥ የምናገኘው አብዛኛው ሙግት፣ የሐኪሙ፣ የመርማሪው፣ የገበሬው፣ የታሪክ ጸሐፊው፣ እንዲህ አይደለም። መነሻዎቹ ሁሉ እውነት ሆነው መደምደሚያው ሊሳሳት ይችላል። እንዲህ ያለው ሙግት ይጠነክራል ወይም ይደክማል እንጂ የማያወላውል አይሆንም። ጥንካሬውም የሚለካው በቀረበው ማስረጃ ብቻ ሳይሆን ባልቀረበውም ነው። ትናንት ጠንካራ የነበረ ሙግት ዛሬ አንዲት ወረቀት ስትጨመርበት ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ተናጋሪው ካመጣው ባሻገር «ምን ቀርቷል?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ማስረጃ የሚመርጥ ሰው መደምደሚያ መርጦ የመጣ ሰው ነው።

ከቼስተር በኋላ ዓለም ተማረ ብሎ መጻፍ ደስ ባለኝ ነበር። ሳሊ ክላርክ በተፈታችበት በዚያው በ2003፣ በአውስትራሊያ ካትሊን ፎልቢግ የተባለች እናት ከ1989 እስከ 1999 በየተራ በሞቱባት አራት ልጆቿ ምክንያት ጥፋተኛ ተባለች። እዚያም ሥር የነበረው ሐሳብ ያው ነው፤ አራት ጊዜ እንዲያው አይሆንም የሚል። የዕለት ማስታወሻዋ ላይ ራሷን የወቀሰችባቸው ቃላት እንደ ኑዛዜ ተነበቡባት። እዚህ ላይ የቤት ሠራተኛዋን ድንጋጤ አስታውሱ፤ ራሱን የሚወቅስ ወላጅ ገዳይ ነው የሚለው ድብቅ መነሻ ልጅ የሞተበትን ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል። ከዓመታት በኋላ የዘር ሳይንቲስቶች፣ ከእነሱም ካሮላ ቪኑዌዛ፣ በሁለቱ ሴት ልጆቿ ላይ ልብን በድንገት ሊያቆም የሚችል ካልም 2 በሚባለው ዘረ መል ላይ ያለ ለውጥ አገኙ። ከእናታቸው የወረሱት ነበር። ፎልቢግ ሃያ ዓመት ታስራ በሰኔ 2023 በምሕረት ወጣች፤ በታኅሣሥ ፍርዱ ራሱ ተሻረ። እንግሊዝ ውስጥ «አልታየንም» ማለት ይቻል ነበር፤ አውስትራሊያ ውስጥ ግን የቼስተሩ ስሕተት ሰነድ በእጅ ነበር።

እንግዲህ ባለሙያን አንመን ማለት ነው? በፍጹም። ሐኪም የሚለንን፣ መሐንዲስ የሚለንን ካልተቀበልን አንድ ቀን መኖር አንችልም። ባለሙያን ጠቅሶ መሞገት ሕፀፅ ነው ብለው የሚያስተምሩ ሰዎች ነገሩን ግማሽ አድርገው ነው የያዙት። የሚጠየቀው ባለሙያው በሙያው ላይ እየተናገረ ነው ወይ፣ ሌሎች የሙያው ሰዎችስ ይስማማሉ ወይ የሚል ነው። ሮይ ሜዶው የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ቼስተር ላይ ያቀረቡት ግን የሕክምና ሳይሆን የስታቲስቲክስ ሙግት ነበር፤ ፕሮፌሰርነታቸው ወደዚያኛው ሙያ ተከትሏቸው አይሻገርም።

እኛ አገር ችግሩ ብዙ ጊዜ ወዲያ ማዶ ነው፤ ሙግቱን ትተን ሰውዬውን እንይዛለን። የሙግት ባህላችን ትልቅ ነው። በላ ልበልሃ ባዩ ከዛፍ ሥር ቆሞ፣ ነገር በነገር ላይ ደርቦ፣ ተከራካሪውን በውርርድ እያስያዘ ሲሞግት ሰው ሥራ ፈትቶ ይሰማው ነበር። በዚያ ሥርዓት ተናጋሪው ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ የመስጠት ግዴታ ነበረበት። ዛሬ በቴሌቪዥን መድረክና በስልካችን ላይ የምናየው ይህንንም ያጣ ነው። አንድ ሰው ዛሬ ስለተፈጸመ በደል ማስረጃ ሲያቀርብ የሚሰጠው መልስ «ያኔ የት ነበርክ?» ነው። ያኔ ዝም ብሎ ይሆናል፤ አድልዎም ይኖርበት ይሆናል። ያቀረበው ማስረጃ ግን እሱ የት እንደነበረ አያውቅም፤ እውነት ከሆነ እውነት ነው፤ ሐሰት ከሆነም በሌላ ማስረጃ ነው የሚፈርሰው።

የሰው ማንነት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ምስክር ቀርቦ «በዓይኔ አየሁ» ሲል የምንቀበለው በእሱ ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት ዋሽቶ እንደሆነ፣ ከተከሳሹ ጋር ቂም ይኖረው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መነሻው የእሱ ታማኝነት ነዋ። ሰው ምክንያቱን ዘርዝሮ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ግን ምክንያቱ ለማንም ክፍት ነው፤ ከእሱ እጅ ወጥቷል። ዘር፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ ቦታ እየተጠቀሰ የሚሰጥ መልስ ሙግቱን አይነካውም። ይህን የምለው በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው፤ እርስ በርስ መነጋገር የምንችለው አንዱ የሌላውን ምክንያት ከሰውዬው ለይቶ ማየት ሲችል ብቻ ነውና።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሎጂክና የምክንያታዊ አስተሳሰብ ትምህርት ይሰጣሉ። የአሜሪካዊው ፓትሪክ ሃርሊ መጽሐፍ በየካምፓሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲባዛ የኖረ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ አገር የለውም። ነገር ግን ተማሪው ከፈተናው ይዞ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የሕፀፆችን ስም ዝርዝር ነው፤ የላቲኑን ስም ከነፍቺው። ከዚያ በኋላ በካፌም በፌስቡክም ስሙን እየመዘዘ ይወረውራል። «አድ ሆሚነም ነው» ብሎ መናገር ግን መልስ አይደለም፤ የትኛው መነሻ ከየትኛው መደምደሚያ ጋር እንዳልተያያዘ ካላሳየ ስም አወጣ እንጂ አልሞገተም። በእኔ እምነት ስሞቹ መጨረሻ ላይ ቢመጡ ይሻላል። መጀመሪያ ተማሪው የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የክሊኒክ ወረቀት ይሰጠው፤ መደምደሚያውን ያስምርበት፤ መነሻዎቹን ይቁጠር፤ ያልተነገረውን በራሱ እጅ ይጻፈው። በተለይም በሙሉ ልቡ የሚስማማበት ጽሑፍ ይሰጠው። የሚጠላውን ማፍረስማ ሳይማርም ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ ብዙዎችን የሚያሰናክል ነው። ሙግቱ ስለፈረሰ መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ለእውነትም መጥፎ ሙግት ይቀርብለታል። አንድ ሰው ያተኮሰው ልጅ ወባ ይዞታል ብሎ በተሳሳተ መንገድ ቢደመድምም ልጁ በእርግጥ ወባ ይዞት ሊገኝ ይችላል። የፈረሰ ሙግት የሚመልሰን ወደ ነበርንበት፣ ወደ አለማወቅ ነው። እዚያ ላይ መቆም ከባድ ነው፤ ሁለት ሕፃናት ሞተው «አናውቅም» ማለት ለሰሚም ለፈራጅም ይጎመዝዛል። ሕግ ለዚህ ነው ማስረዳት ያለበትን ወገን አስቀድሞ የሚወስነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በክሱ ሂደት ሁሉ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ያስቀምጣል። ያላወቅነውን በተከሳሹ ላይ አንደመድምም ማለት ነው።

በእንግሊዝ ይህ በግልጽ የተጻፈው በሌላ እናት ጉዳይ ነው። አንጄላ ካኒንግስ ሦስት ጨቅላዎች ሞተውባት በ2002 ተፈርዶባት ነበር፤ በእሷም ላይ ሜዶው መስክረዋል። የይግባኝ ችሎቱ በ2003 መጨረሻ ነጻ ለቀቃት፤ በጥር 2004 ባወጣው ዝርዝር ውሳኔም፣ የታወቁ ባለሙያዎች ስለ ሞቱ መንስኤ በቁም ነገር በማይስማሙበትና ሌላ አሳማኝ ማስረጃ በሌለበት ጊዜ እንዲህ ያለ ክስ መቀጠል እንደሌለበት አስታወቀ። በዚያው ሰሞን የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሕፃናትን ገድላችኋል ተብለው የተፈረደባቸውን ወላጆችና አሳዳጊዎች የሚመለከቱ ከ250 በላይ መዝገቦች እንደገና እንዲታዩ አዘዙ። በዓመቱ መጨረሻ ሲነገር 28ቱ አጠራጣሪ ሆነው ተገኝተዋል፤ የተፈረደባቸው ሰዎችም ወደ ይግባኝ እንዲሄዱ ጉዳዩ ተነገራቸው።